የሦስት በግ መብራት

በግንቦት 2014 ዓ.ም. በእናቴ አገር በመንዝ፣ በአንዲት ቀበሌ ውስጥ፣ በሠላሳ አራት ቤቶች ላይ ሶላር ገጠምኩ። እያንዳንዱ ቤት 14,000 ብር ከፈለኝ፤ በዚያ ሰሞን ገበያ የሦስት በግ ዋጋ ነው። በዓመቱ ከሠላሳ አራቱ ቤቶች እራት እስኪበላ የሚቆይ መብራት ያለው አንድም አልነበረም። እንደሚጠፋ ግን ዕቃውን መኪና ላይ ስጭን አውቅ ነበር።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ለጠየቀኝ ሁሉ ስተርክ ከዶላር ነበር የምጀምረው። ዶላር ጠፋ፣ ባንክ ወረፋ ሆነ፣ ዕቃ ተወደደ፣ ጦርነት ነበረ እላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። እውነት ስለሆነም ነው ለመደበቂያ የተመቸኝ።

ጊዜው በርግጥ ክፉ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተመለሰ ገና መንፈቁ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ዕቃና በሶላር የምተዳደርባት ሱቄ ለወራት ጭር ብላ ከርማለች። ዱቄትና ዘይት በየሳምንቱ ይጨምራል። ባንክ ቤት አንድ ዶላር 51 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የሚያገኘው ግን ጥቂቱ ሰው ነው። አስመጪዎቹ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ወራት ይጠብቃሉ፤ የጠበቁበትንም፣ ከጥቁር ገበያ የገዙበትንም በዕቃው ዋጋ ላይ ይጭኑታል። ትንሽ ቆይቶ በጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው እስከ ማገድ ደረሰ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሶላር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ እብደት የመሰላቸው ወዳጆች ነበሩኝ። ለእህል ያጣ ሰው ለመብራት ይከፍላል ወይ? አሉኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። የገጠር ሰው መብራት በየሳምንቱ እየገዛ ነው። ላምባ ይገዛል፣ ለእጅ ባትሪው ድንጋይ ይገዛል፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ በገበያ ቀን ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ይከፍላል። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ይህ ሁሉ ይወደዳል። አንዴ የተከፈለበት የሶላር ሰሌዳ ግን ዶላር ወጣ ወረደ ብሎ ዋጋ አይጨምርበትም፤ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ሰውን ወደ ፀሐይ የሚገፋው እንዲያውም ክፉው ቀን ነው።

ይህን ያስተማረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ቤይሩት በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ እዚያው ነበረች፤ ለሃያ ዓመት ከ1,507 ሊራ ንቅንቅ ያላለው ዶላር አሥር ሺዎችን ሲሻገር፣ የእሷን ቢጤ ልጆች አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ሲፈነዳ። ከዚያ ደግሞ መብራቱ ጠፋ። የመንግሥት ኤሌክትሪክ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ቢመጣ ነው፤ መስከረም 29 ቀን 2014 ጭራሹን አገሩ በሙሉ ጨለመ። እህቴ መብራቱ በመጣበት ሰዓት፣ ሌሊት ስምንትም ይሁን ዘጠኝ፣ ተነሥታ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አሳንሰሩ ስለማይሠራ ዕቃ ተሸክማ ሰባት ፎቅ ትወጣለች።

"የቤይሩት ጣሪያ ሁሉ ሶላር ለበሰልህ፣ ጋሼ" አለችኝ አንድ ቀን በስልክ። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሩ ሁሉ ወደ 100 ሜጋ ዋት ገደማ የነበረው የሶላር ኃይል በሦስት ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሜጋ ዋት በላይ ሆኗል። ባንክ ገንዘቡን የቆለፈበት ሕዝብ፣ ወርቅና መኪናውን ሳይቀር እየሸጠ ሰሌዳ ገዛ። አሠሪዎቿም አስገጠሙ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ሌሊት መነሣቷ ቀረ፤ ማጠቢያውን ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ታስነሣዋለች። ሶላርን ያወቀችው በእንቅልፏ ነው።

ያጠራቀመችውን 4,000 ዶላር በባንክ ላከችልኝ፤ ለሱቁ መንቀሳቀሻ ሆኖ ከትርፉ እኩል ልንካፈል። ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእነሱ በታች ያሉት ጎረቤቶች ርካሽ ባትሪ ገዝተው በስምንት ወሩ እንደሞተባቸውና እንደገና ለመግዛት ያወጡት ተደምሮ ከአሠሪዎቿ ወጪ እንደበለጠ ነገረችኝ። "ሌላውን እንደፈለግህ አድርግ። ባትሪው ላይ ግን እንዳትቆጥብ ጋሼ። ነገሩ ባትሪው ነው።" እሺ አልኳት።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም፣ ለናሙና አንድ ሙሉ ዕቃ ይዤ መንዝ ወጣሁ። 50 ዋት ሰሌዳ፣ ሊቲየም ባትሪ፣ አራት አምፖል፣ የስልክ ቻርጅ። ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ሰው ተሰበሰበና በጨለማ ቤት ውስጥ አበራሁላቸው። ሕፃናቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የራሳቸውን ጥላ እየነኩ ይስቁ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ባትሪውን በእጃቸው መዝነው "ስንት ዓመት ይኖራል?" አሉኝ። ሰሌዳው ሃያ፣ ባትሪው ሰባት አልኳቸው። ዞር ብለው ለሕዝቡ "የእህታችን ልጅ ነው። የማናውቀው ነጋዴ ቢሸጥልንና ቢበላሽ ማንን እንይዛለን? እሱን እናውቀዋለን" አሉ። በዚህ ተስማሙ። በጋቸውን ለፋሲካ ገበያ አውርደው፣ ለበዓሉ ሊያርዱት ያሰቡትን ጭምር ሸጠው፣ 476,000 ብር ሰበሰቡልኝ።

ገንዘቡን ይዤ አዲስ አበባ ስገባ ለናሙና የገዛሁት ባትሪ ዋጋው በግማሽ ያህል ጨምሮ ጠበቀኝ። ሻጩ አዲስ ዕቃ እንዳልገባ፣ መቼ እንደሚገባም እንደማያውቅ ነገረኝ።

ያን ቀን ምን ማድረግ እችል እንደነበር ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት ቆጥሬዋለሁ። መንዝ ተመልሼ ዋጋው ጨምሯል፤ ወይ ለሃያ ቤት ብቻ እንግጠምና የቀረው ይቆይ፣ ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ ማለት እችል ነበር። አራቱን አምፖል ሁለት፣ ሰሌዳውን አነስ አድርጌ ባትሪውን እንደ ቃሌ መግዛት እችል ነበር። የእህቴን ዶላር መንካት እችል ነበር፤ የላከችው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አንዱንም አላደረግሁም። ተመልሼ ብሄድ ሥራው ይበተናል ብዬ ፈራሁ።

ሌላ ሱቅ ገባሁ። "ሶላር" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ባትሪዎች ተደርድረዋል። አንዱን አነሣሁና ባነሣሁበት ቅጽበት አወቅሁት። ለሶላር የሚሠራ የእርሳስ ባትሪ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ወፍራም ስለሆኑ ይከብዳል። ይህ ቀለለኝ። የመኪና ባትሪ ነበር፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

የመኪና ባትሪ ሥራው ሌላ ነው። ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ወዲያው ዲናሞው መልሶ ይሞላዋል። ሳህኖቹ ስስ የሆኑት ለዚህ ነው። ማታ ማታ አምፖል እያበሩ ወደ ታች ሲያወርዱት ሳህኖቹ ይፈረፈራሉ፤ ሳይሞላ ባደረ ቁጥር ደግሞ ሰልፌት ይጋግርበትና ኃይል የመያዝ አቅሙ ይጠፋል። ናሙና ያሳየሁት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሁለት ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ኃይሉ ወጥቶ መልሶ ይሞላል፤ የመኪናው በዚህ ዓይነት አያያዝ ወራት ቢቆይ ነው። በዚያ ላይ የመንዝ ክረምት አለ። ግንቦት የተገጠመ ባትሪ በወሩ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰሌዳው በበጋ ከሚሰጠው ጥቂቱን ነው የሚሰጠው፤ ባትሪው በወጉ ሳይሞላ ሁለት ወር ሙሉ ያድራል፤ ቁሩም አቅሙን ይቀንሰዋል። ይህን ሁሉ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ለሱቄ ተለማማጆችም አስተምሬዋለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ሠላሳ አራት ገዛሁ። ዋጋቸው ርካሽ ስለነበር ከየቤቱ 1,700 ብር፣ በድምሩ 57,800 ብር ተረፈኝ። የሱቁን ውዝፍ ኪራይ ከፈልኩበት። ታሪኩን ስተርክ ዶላር ጠፍቶ እንጂ ገንዘብ ተርፎኝ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኑዛዜዬ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ተወደደብኝ ብቻ ብል በጊዜው ማመካኘት እችል ይሆናል፤ የተረፈውን ብር ግን ጊዜው አልበላውም፤ እኔ ነኝ የበላሁት።

መብራቱ የበራ ዕለት ማታ ጠላ ተቀዳ። የዕድሩ ዳኛ ቆመው መረቁኝ። "ቤትህ አይጨልም" አሉኝ። አሜን አልኩ።

በጥር 2015 ስልክ መምጣት ጀመረ። አንድ ሰዓት አብርቶ ይጠፋል፣ የእነ እገሌ ጨርሶ አልበራም ይሉኛል። ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁት እናቴ አክስት ትላቸው ከነበሩ፣ ሁላችንም እማማ ከምንላቸው ባልቴት ቤት ነው። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፤ እሳቸው የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሠሪዎች ይሸጣሉ። ሶላሩን የገዙት ማታ ለመፍተል ነው። ቴስተሬን አውጥቼ ለካሁ። አምፖሉ ሲበራ ባትሪው ወዲያው ከ11 ቮልት በታች ወረደ። ሞቷል።

"ማታ ስንት ሰዓት ያበሩታል?" አልኳቸው።

"እንቅልፌ እስኪመጣ። እፈትላለሁ።"

"ስልክስ?"

"የጎረቤት ልጆች ያመጣሉ። ምን ብዬ እከለክላቸዋለሁ?"

"እሱ ነዋ ያበላሸው፤ ከአቅሙ በላይ አሠሩት" አልኳቸው።

እማማ እንዝርቱን አስቀመጡት። "አጠፋሁ ልጄ። የሰው ዕቃ አበላሸሁብህ፤ ይቅር በለኝ" አሉኝ። የሰው ዕቃ ነው ያሉት። በሦስት በጋቸው የገዙትን።

ይቅር ብያለሁ አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ አውጥቻለሁ። ከዚያ በየቤቱ እየገባሁ ለእያንዳንዱ ጥፋቱን አከፋፈልኩ። አንዱን ሰሌዳውን አቧራ አልጠረግክም፣ ሌላውን ልጆቹ ገመዱን ነካክተውታል፣ ሦስተኛዋን ሬዲዮኑን ቀኑን ሙሉ ከፍተሽዋል አልኳቸው። እነሱም ተቀበሉኝ፤ የሚያውቁት እኔን ነውና። እማማ ከዚያ በኋላ ለጎረቤት ልጆች ስልክ ከለከሉ፤ የሁለት ቤት እናቶች ተቀየሟቸው። በሌላ ቤት ደግሞ ባትሪው ጨርሶ ሲሞት አንድ ልጅ ክዳኑን ሰብሮ አሲዱን ደፋው፤ ጋቢው በላዩ ላይ ተቦዳደሰ፤ ዓይኑን ስላልነካው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያንን የሰማሁ ቀን እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። በ2015 ማብቂያ በክልሉ ግጭት ሲነሣና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የማልሄድበት ምክንያት ራሱ መጣልኝ። ለእህቴ በየወሩ "ሁሉም ደህና ነው" እያልኩ እጽፍላታለሁ፤ ከሌላ ሽያጭ ያገኘሁትን የመንዝ ትርፍ ነው እያልኩ እልክላታለሁ።

በመስከረም 2017 ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ እህቴ ከሌሎች እንደሷ ካሉ ልጆች ጋር በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ ስታድር ሰነበተች። በጥር አገሯ ገባች። ከእናታችን ቀብር በኋላ አገሩን አላየችውምና መንገዱ ሻል ባለ ሰሞን መንዝ ውሰደኝ አለችኝ። "መብራቶቹን ልይ። ሌላ ምንም አልሠራሁም፤ እነሱን ነው የሠራሁት" አለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሟ በሷ ቤት እዚያ ተራራ ላይ በርቶ ይታያታል። በመንገዱ ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ደብረ ብርሃንን ለቀን መኪናዋ አቀበቱን ስትወጣ፣ ቁር ሲጀምር፣ ወርደን በእግር ስንጓዝ፣ አሁን እነግራታለሁ እያልኩ ነበር።

ስንደርስ መሸ። ጉብታው ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። አንድም አምፖል አልነበረም።

"ተኝተው ነው?" አለች።

ዝም አልኩ። እማማ ቤት ገባን። ኩራዝ በርቷል፤ ጥላሸቱ ግድግዳውን አጥቁሮታል። አቅፈው ሳሟት፣ አለቀሱላት። ከዚያ መብራቱን ስትጠይቃቸው "ነበረን እናቴ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ወንድምሽ ብዙ ደክሞ ነበር" አሏት። እህቴ ጥግ ላይ ወዳለው ባትሪ ሄደች። እንስራ ተቀምጦበታል። እንስራውን አንሥታ ወለሉ ላይ አኖረችና ባትሪውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው። መዘነችው። መልሳ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ባትሪው ይሄ ነው?"

አዎ አልኳት። ከዚያ ለሁለቱም፣ ቆሜ፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሱቁን፣ ወረቀቱን፣ ክብደቱን፣ 1,700 ብሩን። እማማ አልተቆጡም። "እንግዲያ እኔ አላጠፋሁም?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ሆነው ነበር የኖሩት።

በማግሥቱ ለዕድሩ ተናገርኩ። ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ልቅረብ ብል "ድንጋይ ምን ያደርግልናል" አሉ። "ምን ትከፍላለህ?" አሉ። ገንዘባችሁን እመልሳለሁ አልኩ። ለካ የእኔ ዕዳ በብር የሚመለስ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ እየጨመረም ሄዷል። እነሱ የሰጡኝ 14,000 ብር በጊዜው በባንክ ዋጋ ከ270 ዶላር በላይ ነበር፤ ይኸው 14,000 በ2017 100 ዶላር ገደማ ነበር። በግ እንኳ ቢሆን ሦስቱን አይገዛም ነበር። አደራቸውን በጊዜው ባትሪ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ ውድቀት ያተርፋቸው ነበር። ክፉ ዘመን ሲመጣ ገንዘብን በሚሠራ ዕቃ ላይ ማዋል ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እኔም ያን ጥቅም ነው የነጠቅኳቸው። የዳኛው ፍርድ አጭር ነበር። ያሳየኸንን ባትሪ፣ ለሁሉም ቤት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቤት ደርሻለሁ። የሱቁን መዝገብ የምትይዘው አሁን እህቴ ናት፤ ስለ 4,000 ዶላሯ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ የባትሪ ደረሰኝ ግን ሳታየው አይታለፍም። የሞቱትን ባትሪዎች አንድ በአንድ ተሸክሜ አውርጃለሁ።

ልከፍለው የማልችለው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት የጤና ኬላውን የክትባት ማቀዝቀዣና የማዋለጃ ክፍል በሶላር ለማሠራት ቀበሌው መዋጮ ጠይቆ ነበር። ሰው አላዋጣም። "የፀሐይን ነገር አንዴ አይተነዋል" አሉ። በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ፕሮግራም በ2017 ከመቶ 35 እጁ ሕዝብ ዋናው መስመር ስለማይደርስለት በሶላርና በመሰል መንገድ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከዚያ 35 እጅ ውስጥ ናቸው። ለህዳሴው ግድብ ቦንድ ገዝተዋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ በሬዲዮ ሰምተው እልል ብለዋል፤ የመስመሩ ምሰሶ ግን ገና ከሩቅ ነው የሚታያቸው። ለእነሱ ቅርቡ መብራት ፀሐይ ነበረች። ያንን ቅርብ ነገር አራቅሁባቸው። ማዋለጃው ዛሬም በስልክ መብራት ነው። አዋላጇን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ባለፈው ኅዳር የእማማን ባትሪ ቀየርኩ። ሊቲየሙን ገጠምኩ፣ ገመዱን አጠበቅሁ፣ ሰሌዳውን ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወደ ደቡብ አስተካከልኩ። ሲመሽ ማብሪያውን እሳቸው ራሳቸው ተጫኑት። ቤቱ ነጭ ሆነ። እንዝርታቸውን አንሥተው መፍተል ጀመሩ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ አምፖሉ ቅንጣት አልደበዘዘም። ከአጠገባቸው ኩራዟም እንደበራች ናት።

"እማማ፣ ላምባው ያልቃል፤ ላጥፋት?" አልኳቸው።

ጠጉሩን ከጣታቸው ላይ ሳያነሡ፣ "ተዋት ልጄ፤ ትቆይ" አሉኝ።